ፖስተሩ ላይ ሴት፣ ባንዱ ውስጥስ?

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ሊትል ኢትዮጵያ ስያሜዋን ከሎስ አንጀለስ ከተማ ያገኘችው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ነው። እዚህ የኮንሰርት ፖስተር ሲለጠፍ የድምፃዊት ፎቶ አይጠፋም። መድረኩን ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። አዘጋጁም እንደዚያው።

«ሴቶቻችን መሣሪያ አይጫወቱም» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። አስናቀች ወርቁ በክራር፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ስም የተከሉ ናቸው። ችሎታው ድሮም ነበር፤ የጠፋው የሚቀጥር ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከታዋቂ ዘፈኖች ፕሮዲውሰሮች ሴቶቹ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ የስቱዲዮው ነው። መድረኩን በተመለከተ፣ በዚያው ዓመት 45 ፌስቲቫሎች ኪቼንጅ በተባለው ንቅናቄ ሥር እስከ 2022 ሴትና ወንድ እኩል ለማሰለፍ ቃል ገቡ። ሶፍትዌር ላይም ያልለካነውን ችግር አናስተካክልም፤ ቁጥር ሲኖር ግን ተጠያቂ ይኖራል።

የኛ አዘጋጆች ደንበኛ እኛው ነን። ትኬት ስንገዛ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ባንዱ ውስጥ ስንት ሴት አለች? ድምፃዊቷስ የምትሠራው በጽሑፍ ውል ነው? ጥያቄው በየኮንሰርቱ ከተደጋገመ አዘጋጁ መልስ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።