ቢላዋውም ይታጠብ
በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ውሃና ሳሙና መቅረቡ የሚታወስ ነው። በሽታው ቀለል ሲል ግን ልማዱም አብሮ ቀለለ። ተቅማጥና ታይፎይድ ከኮሮና በፊትም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

ወላይታ ሶዶ በቁርጡና በዳጣው የታወቀ፥ ዩኒቨርሲቲም ያለው ከተማ ነው። ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣ የማያውቅ ተማሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ጥሬ ሥጋ በቆረጠበት ቢላዋ፥ ሳያጥበው፥ ቲማቲም የሚከትፍ፤ ያደረውንም ወጥ ለብ አድርጎ ብቻ የሚበላ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። ያደረ ወጥ እስኪንተከተክ፥ ይኸውም ከ70 ዲግሪ በላይ፥ ሊሞቅ ይገባዋል።

ዕውቀት በፈተና ወረቀት ላይ ቀርቶ በማዕድ ካልታየ ጥቅሙ ምንድን ነው? የተማረ ሰው ትምህርቱ በእጁና በቢላዋው ይታወቅ ዘንድ ይገባል እንላለን።