ርእሰ አንቀጽ፦ ፊርማ ዕዳ ነው

ሰው በውል ላይ ስሙን ሲያኖር የሚጠየቅበት መሆኑን ያውቃል። ዋስ የሚሆን ሰው ባለዕዳው ቢጠፋ ዕዳው በእርሱ ላይ እንደሚመጣ ሳይረዳ አይፈርምም። ተምረናል የምንል ሰዎች ግን በሳይንስ መጽሔት ላይ ስማችንን ስናኖር ብዙ ጊዜ የምናስበው ክብሩን፣ ሹመቱንና የደመወዙን ዕድገት ነው እንጂ ዕዳውን አይደለም። በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ ለመናገር የተነሣነው ነገሩ የምሁራን የቤት ውስጥ ጣጣ ስለ ሆነ አይደለም። በመጽሔት ላይ የታተመ ሐሰት ሐኪሙ መድኃኒት ወደሚያዝበት ወረቀት፣ መንግሥት ወደሚያወጣው መመሪያ፣ በመጨረሻም ወደ ድሃው ሰውነት የሚደርስ በመሆኑ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ ዘመን መፈለግ አያስፈልግም። በ1823 የተቋቋመውና በሕክምናው ዓለም እጅግ የተከበረው ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2020 አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ከስድስት ክፍለ ዓለማት፣ ከ671 ሆስፒታሎች ተሰበሰበ የተባለውን የ96,032 የኮቪድ ሕሙማን መረጃ መሠረት አድርጎ፣ ክሎሮኪን ወይም ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተሰጣቸው ሕሙማን ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ሞተዋል ሲል ደመደመ። ሦስት ቀን ሳይሞላው የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ያካሂደው የነበረውን የሃይድሮክሲክሎሮኪን ሙከራ ለጊዜው ማቆሙን አስታወቀ። አንድ የታተመ ጽሑፍ ይህን ያህል ኃይል አለው።

ታዲያ መረጃው ከየት መጣ? ሰብሳቢውም ተንታኙም ሰርጂስፊር የተባለ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ የኩባንያው መሥራችም ከአራቱ ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ከመቶ የሚበልጡ ተመራማሪዎች ለመጽሔቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። በጥናቱ ቁጥር መሠረት በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከታወቁት የኮቪድ ሕሙማን ሩቡ ገደማ፣ ከሞቱትም 40 ከመቶው፣ የተራቀቀ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ባላቸውና ከኩባንያው ጋር በተያያዙ ሆስፒታሎች የታከሙ መሆን ነበረባቸው። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? አንድ ቀን እንኳ በሀገራችን ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ የታጠፈች የወረቀት ካርዱ ከመደርደሪያ እስክትገኝለት የጠበቀ ሰው ይህን ቁጥር ቢያይ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ጥያቄው ግን የመጣው ከኅትመቱ በፊት ሳይሆን ከኅትመቱ በኋላ ነው። መረጃውን ገለልተኛ ወገን ይመርምረው በተባለ ጊዜ ኩባንያው ሙሉውን መዝገብ አልሰጥም አለ። ጁን 4 ቀን ሦስቱ ጸሐፊዎች ለመረጃው እውነተኛነት ዋስ መሆን እንደማይችሉ ገልጸው ጽሑፉን ሻሩት። በዚያው ቀን ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጥቶ የነበረ፣ በዚሁ ኩባንያ መረጃ የተሠራ ሌላ ጽሑፍ ተሻረ።

አንዳንድ ሰው፣ «መድኃኒቱስ ቢሆን በታላላቅ ሙከራዎች ተፈትኖ ለተኙ ሕሙማን እንደማይጠቅም ተረጋግጦ የለም ወይ? ታዲያ ጉዳቱ የቱ ላይ ነው?» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር አደገኛ ነው። ፍርዱ ትክክል ቢሆንም እንኳ የሐሰት ምስክር ሐሰተኛ ነው። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ አለመጥቀሙ የታወቀው እነዚያ እውነተኛ ሙከራዎች በመቀጠላቸው ነው፤ የማይመረመረው መዝገብ ተከታይ አግኝቶ ቢቀር ኖሮ ማንም በርግጠኝነት ሊያውቀው አይችልም ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ንጋት በራሱ ይመጣል፣ የሳይንስ እውነት ግን የሚጠራው የሚያጠራው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ይኸው ላንሴት በ1998 በአሥራ ሁለት ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አትሞ፣ የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያዝ ጥርጣሬ በዓለም ላይ ለቀቀ። በ2004 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የጥናቱ መሪ ክትባቱን ለመክሰስ ከሚዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ መቀበሉን ገለጠ፤ ከአሥራ ሦስቱ ጸሐፊዎችም አሥሩ ከድምዳሜው ራሳቸውን አገለሉ። መጽሔቱ ጽሑፉን ፈጽሞ የሻረው ግን በ2010 ነው። የኮቪዱ ጽሑፍ በ13 ቀን ሲሻር ይኸኛው 12 ዓመት ቆየ። በዚያ መካከል ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ ታቀቡ፤ ኩፍኝም በእንግሊዝ አገር ተመልሶ ተሰራጨ። አዘጋጆች ስሕተትን ለማመን የሚያመነቱበት እያንዳንዱ ዓመት በሌላ ሰው ልጅ ላይ የሚቆጠር ዓመት ነው።

ላንሴት ከ2020ው ውርደት በኋላ ከአንድ የሚበልጡ ጸሐፊዎች ዋናውን መረጃ በእጃቸው ይዘው እንዳረጋገጡት እንዲፈርሙ ደንብ አወጣ። ደግ ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴም ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር ያዛል፦ በሥራው ላይ ከፍ ያለ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በብርቱ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሁሉም ነገር ተጠያቂ መሆን። በዚህ ሚዛን ገንዘብ ስላመጣ ወይም የክፍሉ ኃላፊ ስለ ሆነ ብቻ ስሙ የሚጻፍ ሰው ጸሐፊ አይደለም፤ እንግዳ ነው።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። ከመካከላችን ክረምት ሲመጣ ወደ ሀገር ቤት ሄዶ፣ ሁለት ወር ሰንብቶ፣ መረጃውን በሻንጣ ይዞ የሚመለስ ስንት ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጭቃ ከቤት ቤት ዞራ ቃል ትቀበላለች። የላቦራቶሪው ሰው ደም ቀድቶ፣ መብራት ሲጠፋ በረዶ ፈልጎ፣ ናሙናውን ከመበላሸት ያድናል። የወረዳው ሐኪም ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ነግሮ ያርመናል። ጽሑፉ ሲወጣ ግን የእኛና የፕሮፌሰራችን ስም ከላይ ይቀመጣል፤ እነርሱ በመጨረሻው ገጽ «የመስክ ረዳቶች» ተብለው በጅምላ ይመሰገናሉ፤ ጽሑፉንም ማንበብ ቢፈልጉ መጽሔቱ በዶላር ክፈሉ ይላቸዋል። «እነርሱ አልጻፉም» እንላለን። ረቂቁን መች አሳየናቸው? ያው ኮሚቴ በሥራው ከፍ ያለ ድርሻ ያለው ሰው በመጻፉና በማረሙ እንዲካፈል ዕድል ይሰጠው ይላል። ዕድሉን ከልክሎ አልተካፈለም ማለት ደጁን ዘግቶ ሳይመጣ ቀረ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። የውጭ ሰዎች ሲያደርጉት ብዝበዛ ብለን እንጮኻለን፤ በ2022 በኬፕ ታውን የተሰበሰበው የምርምር ሥነ ምግባር ጉባኤም ይህንኑ በደል አንሥቶ ተወያይቶበታል። እኛ ስናደርገው ስሙ የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

ይህ የፍትሕ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወረዳው ሐኪም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቢሆን የማይታመነውን ቁጥር አስቀድሞ «ይህ ከእኛ ሆስፒታል ሊወጣ አይችልም» የሚለው እርሱ ነው። ሥራውን የሚያውቁትን ከስም ዝርዝር የሚያስወጣ መጽሔት የራሱን ዘበኞች ያባርራል።

ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ዋናውን መረጃ ባላየኸው ሥራ ላይ አትፈርም። ባልሠራኸው ሥራ ስምህን ቢያኖሩልህ አስወጣ። ሥራውን የሠሩትን ገና ከመጀመሪያው ቀን በስማቸው መዝግብ፤ ረቂቁን ላክላቸው፤ ያረሙህን ተቀበል። ስሕተት ስታገኝ አለቃህ የተቆጣ እንደ ሆነም ለአዘጋጁ ጻፍ። ገንዘብ ተቀብለው ሳይመረምሩ ከሚያትሙት መጽሔቶችም ራቅ፤ በእነርሱ የተገኘ ሹመት የተሰረቀ ሹመት ነው።

እኛም የዚህች ትንሽ መጽሔት አዘጋጆች በዚሁ ሕግ እንገዛለን። ያሳተምነው ስሕተት መሆኑ ሲነገረን እርማቱን በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ሳይሆን ስሕተቱ በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን ፊደል እናወጣለን። ሥልጣን የያዙ ሰዎች ጥፋታቸውን በአደባባይ እንዲያምኑ ዘወትር የምንጠይቅ ሰዎች ከዚህ ያነሰ ልናደርግ አይገባንም። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ አባቶቻችን። በመጽሔት ላይ ያለ ስምም እንደዚያው ከእኛ በኋላ ይኖራል፤ ሲያስመሰግንም፣ ሲያስጠይቅም።