የካቲት 29ን ወደ ፎገራ ማሳ እናውርደው



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ተጉዘው ከሆነ ወረታን ያውቋታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። መንገደኛው ሻይ ይጠጣል፣ የፎገራ ሩዝ ገዝቶ ይጭናል፣ ያልፋል። የግብርና ኮሌጅ እንዳላት ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ይህን የምጽፍልዎ እንዲህ ባሉ ግቢዎች በየዓመቱ የካቲት 29፣ ማርች 8 በምንለው ቀን ስለሚከበረው የሴቶች በዓል ነው።

በዓሉን አልጠላውም። ክላራ ዜትኪን እ.ኤ.አ. በ1910 ኮፐንሃገን ላይ የሴቶች ቀን ይኑር ብላ ሐሳብ ስታቀርብ የፈለገችው የመምረጥ መብትና የሥራ መብት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ባነር፣ ቲሸርትና የክብር እንግዳ ንግግር ሆኖ ይቀራል። አንዷ ተማሪ ካባ ደርባ እቴጌ ጣይቱን ሆና ትወጣለች፣ ይጨበጨባል። ጭብጨባው ለጣይቱ ይገባቸዋል። ይሁንና ከጉማራ ወንዝ ማዶ፣ በጣና ዳርቻ ቆራጣ ላይ፣ በስሟ ቤተ ክርስቲያን የቆመላት ሌላ ሴት አለች። እሷን በመድረኩ የሚጠራት ስንቱ ነው?

ሴቲቱ ወለተ ጴጥሮስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁሉም በጨቅላነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ፣ እሷ ግን ትዳሯንም ሹመቱንም ጥላ ወጣች፣ መነኮሰችም። ፍርድ አደባባይ አቀረቧት፣ የካቶሊክ ሰባኪዎቹ ኢየሱሳውያን ሊያሳምኗት ብዙ ደከሙ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል ቆላ ተጋዘች። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከግዞቱ ጀምሮ እስከ ዕረፍቷ የሠራችው ነው። እስከ ሞት ካልተለየቻት ጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና ሰባት ማኅበራት አቋቋመች። ወንዶችም ሴቶችም በሥሯ ነበሩ። በሽታ ሲገባ ሰዉን ይዛ ቦታ ትቀይራለች፣ ምግብ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ሥርዓት ታወጣለች፣ የባላባት ልጅ ሆና ሳለ ራሷ እህል ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች። እ.ኤ.አ. በ1642 ስታርፍ ማኅበሩ አልተበተነም፣ እኅተ ክርስቶስ ተረከበችው። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 ሲጽፍ ከሚያውቋት ሰዎች አፍ ሰምቶ ነው።

ወረታ ሙስሊም ልጆችም አሏት። ስለዚህ የሃይማኖት ክርክር ማንሣት አልፈለግሁም። ለግብርና ተማሪ ትምህርት የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ሰው አስተዳድራለች፣ እህል ደልድላለች፣ ተተኪ አዘጋጅታ ሄዳለች። ሴት በዚህ አገር ዱሮ ሁሉ አቅመ ቢስ ነበረች፣ ገና አሁን ልናበቃት ነው የሚለውን ንግግር ስሰማ የቆራጣን ሰዎች አፍራቸዋለሁ።

ከግቢው ውጭ ደግሞ ማሳው አለ። ሩዝ ወረታ ወዳለችበት ወደ ፎገራ ወረዳ በሰፊው የገባው በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር በተሠራ ሥራ ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። ዛሬ የወረዳው ዋና ሰብል ሆኗል። አረሙን ግን ማን ይነቅላል? ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ደግመው ደጋግመው የሚያርሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አጨዳው ላይ አሉ፣ የማበጠሩም ሥራ የእነሱ ነው። ሩዝን ከጤፍ ደባልቆ እንጀራ ማውጣት፣ ጠላና አረቄ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ በሴቶች ምድጃ ላይ ተሞክሮ የመጣ ዕውቀት ነው። እኔ ብጠየቅ ምርምር ነው እላለሁ።

በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር፣ አብሮ ሰፍሯል። ትልቅ ነገር ነው። ሲፋቱ ወይም ባል ሲሞት ደብተሩ ይናገርላታል። በሬ ግን አይጠምድላትም። ሴት እርፍ ስትጨብጥ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ፍርሃት ገና አለ። ስለዚህ ባል የሌላት እማወራ መሬቷን ለእኩል ትሰጥና ከምርቱ ተካፍላ ትኖራለች። ከእንዲህ ያለ ኮሌጅ የምትወጣው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነገ የምትገናኘው ከእነዚህ ሴቶች ጋር ነው። ለስብሰባ አባወራውን ብቻ ጠርታ እንዳትመለስ ማን ያስተምራታል? የቲሸርቱ መፈክር አይመስለኝም።

እርስዎ የኮሌጅ ኃላፊ፣ መምህር ወይም የሴቶች ክበብ አባል ከሆኑ ልመናዬ ቀላል ነው። የካቲት 29 ሩዙ ጎተራ የገባበት፣ በርብና በጉማራ ውኃ ሽንኩርት የሚለማበት ወቅት ነው። ከክብር እንግዶቹ ወንበር ሁለቱን ለእማወራዎች ይልቀቁላቸው። እንዲያመሰግኑ ሳይሆን የትኛው ዝርያ ለእንጀራ እንደሚሻል፣ አረም በየትኛው ሳምንት ካለፈ እንደማይታገሉት፣ መሬታቸውን ለእኩል ሲሰጡ በምን ስምምነት እንደሆነ እንዲያስረዱ ይጠይቋቸው፤ ተማሪዎቹም ማስታወሻ ይያዙ። በዚያው ሰሞን አንድ አውቶቡስ ወደ ቆራጣ ይውሰዳቸው። ፕሮግራሙን ግን አደራዎን ጠዋት እንዳያደርጉት። እናቶቹ ውኃ ቀድተው፣ ጋግረው፣ ልጅ አብልተው ነው የሚመጡት።