ለፈረሱ ግላስ፣ ለልጁ ባዶ ራስ

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው አይረሳውም። ከ80 ዓመት በላይ የዘለቀ ማኅበር ነው፤ ዐድዋ ላይ የዋሉ ፈረሶችን ውለታ የሚያስታውስ። እኔም እኮራበታለሁ። የበዓሉን ፎቶዎች ግን እስቲ አንዴ አስፍታችሁ እዩ። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ያሸበረቀው ግላስ ሁሉም በወጉ ነው። ጋላቢው ራስ ላይ ያለው ሻሽ ነው፣ ጎፈር ነው፣ ወይም ምንም የለም። ከጋላቢዎቹ መሃል ደግሞ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች አሉ።

ይህን ሳነሣ የሚመጣልኝ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ባህል ነው፣ አትንካው።»

የትኛው ባህል? ጉግስ ሲጫወቱ አባቶቻችን ጋሻ ይይዙ የነበረው ለፎቶ ነው እንዴ? የሚወረወረው ዘንግ እንዳይጎዳቸው ነበር። «ራስ ቁር» የሚለው ቃልም ከውጭ የመጣብን አይደለም፤ የራሳችን ጥንታዊ ቃል ነው። ባዶ ራስ መጋለብን ባህል ያደረግነው እኛ ነን።

«ባህል ነው» ማለት ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓውያን ድሬሳዥ በሚሉት የፈረስ ውድድር ላይ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ካላደረግን ክብራችን ይነካል ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ2008ቱ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ የተወዳደረችው ኮርትኒ ኪንግ ዳይ ልምምድ ላይ ሳለች ፈረሷ ተደናቅፎ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገችም ነበር። የራስ ቅሏ ተሰነጠቀ፣ ለሳምንታት ራሷን ሳታውቅ ተኛች። ይህች ሴት የተካነች ጋላቢ ነበረች፤ ፈረሱም አላበደም፣ ተደናቀፈ እንጂ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2021 ጀምሮ ባርኔጣውን አስቀርቶ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ውድድሩ ግን ዛሬም አለ፣ ክብሩም አልተነካም።

«እሺ፣ ሄልሜት እናድርግ» የሚሉትም ቢሆኑ ያገኙትን ጭንቅላት ላይ መድፋት ይበቃል ብለው ያስባሉ። አይበቃም። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው፤ ከሚሮጥ ፈረስ በጎኑ ለሚወድቅ ሰው አይደለም። የፈረስ ሄልሜት የሚፈተነው በሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካው ደረጃ፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ1163 በሚባለው፣ የብረት ራስ አምሳያ ሄልሜቱን ለብሶ ከ1.8 ሜትር ገደማ ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይለቀቃል። ከዚያ ሹል ጠርዝ ባለው ብረት ላይም ይደገማል፤ ድንጋይና ኮቴ ጠፍጣፋ አይደሉማ። ደረጃም ራሱ ያረጃል። የአውሮፓው ኢኤን 1384 የ2012 እትም በቂ አይደለም ተብሎ በ2014 ተነሥቷል። እና ከልባሽ ተራ የተገዛ አሮጌ ሄልሜት ውስጡ ማኅተም ስላለው ብቻ አትመኑት።

ልክ ካልሆነ ደግሞ የትኛውም ማኅተም አያድንም። አንድ የግልቢያ ቦታ ሄጄ ከክምር ውስጥ አንዱን አንሥተው ሰጡኝ፤ ስስቅ አፍንጫዬ ላይ ወረደ። «አይዞህ፣ ማሰሪያ አለው» አሉኝ። ማሰሪያው ሳይታሰር ራስን ወዲያ ወዲህ ሲነቀንቁት ሄልሜቱ ከግንባር ቆዳ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ቆዳው ቀርቶ እሱ ብቻ ከዞረ ሰፊ ነው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ወደ ማጅራት አይንጋለል። ሹሩባ የተሠራ ወይም ሻሽ ያሰረ ሰው በዚያው ጸጉር፣ በዚያው ሻሽ ይለካ። አንዴ ተወድቆበት ከሆነ ይጣል፤ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነፋም፣ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም።

«ገንዘብ የት አለ?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ገበሬው ከፈረሱ መኖ ቀንሶ ሄልሜት ይግዛ አልልም። ግን በየበዓሉ ስማቸውን ያተሙበት ቲሸርትና ኮፍያ የሚያድሉ ድርጅቶች አሉ። ኮፍያ ማደል ከቻሉ ደረጃውን ያለፈ ሄልሜት ለአዘጋጆች ገዝተው መስጠት አያቅታቸውም፤ አርማቸውንም ይለጥፉበት፣ ግድ የለኝም። ቢሮዎቹም ለመድረክና ለድምፅ ማጉያ ከሚመድቡት ላይ ትንሽ ይቀንሱ።

ለአዋቂው ምርጫው የራሱ ይሁን፤ ጎፈሩን አድርጎ ይጋልብ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን በመጪው ጥር ልኩ የሆነ ሄልሜት ሳያደርግ ሜዳ እንዳይገባ አዘጋጆቹ ከአሁኑ ይወስኑ። ጊዜው አላለፈም፣ የሚያስፈልገው አንድ ስብሰባ ነው።