የጊኒር ሳቅ በጊኒር ይመረቅ

«መረቀ» የሚለው ግሥ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ አንደኛው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ መባረኩ ነው፥ ሁለተኛው አዲስ ነገርን ለሕዝብ መክፈቱ ነው። በኦሮምኛም «ኤባ» የተባለው ቃል ሁለቱን አንድ አድርጎ ይዞአል። እንግዲህ መጽሐፍ ሲመረቅ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ንግግር ያደረገው ማን ነው?» ሳይሆን «የባረከው ማን ነው?» የሚለው ነው። የባሌ ተወላጅ በአገሩ ቋንቋና ጠባይ የጻፈው አስቂኝ የአጫጭር ታሪክ መድበል በአዲስ አበባ አዳራሽ ብቻ ተመርቆ ቢቀር፥ ሰርጉ ያለ ሙሽራ ተደገሰ ማለት ነው።

ይህን አሳብ የሚቃወሙት ሁለት ወገን ናቸው። ፊተኞቹ «ሳቅ ለመጽሐፍ ክብር አይሆንም፤ ማተሚያ ቤት ለቁም ነገር ነው» ይላሉ። ለእነዚህ መልሱ ቀላል ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያከብረው የአብርሃም ልጅ ይስሐቅ ስሙ በዕብራይስጥ ከሳቅ የወጣ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በቅኔና በአቋቋም የታወቁ ሊቅ ሳሉ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይልቁንም በቀልዳቸው ያነሣቸዋል። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታይቶ ታግዶአል፤ ቀልድ ቁም ነገር ባይኖረው ኖሮ ባለሥልጣንን ባላስደነገጠ ነበር።

ኋለኞቹ ግን ከፊተኞቹ ይብሳሉ። እነርሱ ሳቅን ይወዳሉ፤ ነገር ግን ባላገሩን መሳቂያ እንጂ ሳቂ አድርገው አያዩትም። በከተማ መድረክ የባላገሩ አነጋገር ይቀዳል፥ አማርኛው በተሰናከለ ቍጥር ይሳቅበታል። በገዛ ቋንቋው ምን ያህል ነገር ዐዋቂ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የኦሮምኛ ተናጋሪ በአማርኛ ቢንተባተብ ጐደሎው የምላስ እንጂ የልብ አይደለም። ይህን የሚጠራጠር ከተሜ ወደ ጊኒር ገበያ ይውረድና በኦሮምኛ የጥቁር አዝሙድ ዋጋ ይከራከር፤ ማን በማን እንደሚስቅ ያን ጊዜ ይታያል።

የአገሩ ልጅ ራሱ ብዕር ሲይዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትናንት የተሳቀበት ዛሬ በከተሜው፥ በሹሙ፥ ከሁሉም በላይ በራሱ ይስቃል። በራሱ መሳቅን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በሌላው ሳቅ አይዋረድም።

ይህም ያለ አባትና ያለ እናት የመጣ ሥራ አይደለም። አስቴር ጋኖ ለባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በኢጣልያ መርከብ ነፃ ወጥታ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ የሕዝቧን ተረትና ምሳሌ በግእዝ ፊደል አሰፈረች። ከዚያ በኋላ «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በ1975 እስኪወጣ 81 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን በቋንቋው የሚታተመው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ብዙ ተራኪ ከነተረቱ ተቀበረ። ዛሬ የሚጻፈው የቀልድ መጽሐፍ ከዚያ መቃብር የተረፈ ቅርስ ነውና፥ የተራኪዎቹ ልጆች ሳይሰሙት ለሌላ መቅረቡ ግፍ ነው።

«አዲስ አበባ አንባቢ ይበዛል፤ ጋዜጠኛውም በዚያ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መጽሐፉም ወደዚያ ይሂድ። ነገር ግን ውሃ ከምንጭ ወደ ወንዝ ይወርዳል እንጂ ከወንዝ ወደ ምንጭ አይወጣም። አስቀድሞ በጊኒር፥ ቀጥሎ በጎባና በሮቤ ይነበብ። ረጅም ንግግር ይቅር፤ ድምፀ መልካም ሰው አንዱን ታሪክ ጮኾ ያንብብ። ከመስጊድ የመጣው ሽማግሌና ከቤተ ክርስቲያን የመጣችው ባልቴት፥ ነጋዴውና ተማሪው በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይስሙ። በታሪኩ የተነካው ሹም ራሱ ከሳቀ መጽሐፉ ፈተናውን አለፈ። ማንም ካልሳቀ ደግሞ ደራሲው ከአዳራሽ ጭብጨባ የማያገኘውን ትምህርት አገኘ። ወደ አማርኛ ሲመለስም የደራሲው ስም በግልጥ ይጻፍ እንጂ «የባላገር ቀልድ» ተብሎ ባለቤት እንደሌለው ከብት አይነዳ።

የዚህ ሥራ ሰሙ ሳቅ ነው፤ ወርቁ የሰው ክብር ነው። ወርቁን ከሰሙ ለይቶ የሚያውቀው የአገሩ ባለቤት ነውና፥ ምርቃቱም ከእርሱ አፍ ይጀመር።