ድንጋይ ከመደርደር ቦዩን መጥረግ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ብጽፈው ይጠቅማል ብዬ ነው።

የ16 ዓመት ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። ስጠራው «አቤት» ይላል፤ ራት ስለው «በልቻለሁ» ብሎ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። የነገሩ መነሻ የሒሳብ ፈተና ነው። ከመቶ 48 ያገኘበትን ወረቀት ሲያሳየኝ፣ እናቱና አያቱ በተቀመጡበት «አንተ መቼም ሰው አትሆንም» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ከብዶኛል፤ ግን አልመለስኩትም። ይባስ ብዬ ስልኩን ቀማሁት፣ የቅዳሜ ኳሱን ከለከልኩት፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚመጣ አስጠኚ ቀጠርኩለት። በሚቀጥለው ፈተና 41 አመጣ።

እናቴ ቡናዋን እየጠጣች «ልጄ፣ ይኼ ልጅ ሸሽቶህ ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም» አለችኝ። እኔም «ታዲያ እማዬ፣ ዝም ብዬ ልተወው?» አልኳት። ያኔ የታየኝ ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ማስገደድ ወይም መተው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያስታወሰኝ የክረምት ዝናብ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የመንገዱ ጎርፍ በግቢያችን በር ይገባ ጀመር። እኔ ድንጋይና አፈር የሞላ ጆንያ እያመጣሁ በሩ ላይ ደረደርኩ። ውኃው ከፍ አለና በአጥሩ ሥር ገባ። ጎረቤታችን አካፋውን ይዞ ወጣና ከበሩ ፊት ያለውን የተደፈነ ቦይ ይጠርግ ጀመር። የውኃ መያዣ ፕላስቲኩንና ጭቃውን አውጥቶ ሲጨርስ ጎርፉ ማንም ሳይገፋው መንገዱን ይዞ ሄደ። እኔ ጆንያ እንደታቀፍኩ ቀረሁ። ከዓመታት በፊት ቻይና ሳለሁ ያየሁት ነገር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

በሲቹዋን ግዛት ዋና ከተማ በቼንግዱ ለስድስት ወር ሥልጠና ተቀምጬ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ዱጂያንግያን ወደሚባል ቦታ ወሰዱን። ሚን የተባለው ወንዝ ከተራራ ወርዶ ሜዳውን የሚያገኘው እዚያ ነው። በጥንት ዘመን ይህ ወንዝ ሲሞላ ሜዳውን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ሲጎድል ደግሞ እርሻው ይደርቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ገደማ የአገሩ ገዥ የነበረው ሊ ቢንግ መፍትሔ ሲፈልግ፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በግንብ አልዘጋውም። በወንዙ መካከል እንደ ዓሣ አፍ የሾለ ክፍያ አሠራና ውኃውን ለሁለት ከፈለው። በደረቁ ወቅት የሚበዛው ውኃ ጥልቅ በሆነው የውስጥ ቦይ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ በጎርፍ ጊዜ ደግሞ የሚበዛው በሰፊው የውጭ መንገድ ያልፋል። ወደ ውስጥ የገባው ውኃ ከልክ ሲያልፍም በዝቅተኛ ግድግዳ ላይ ፈስሶ አሸዋውን ይዞ ይወጣል።

ይህ ሥራ ከ2,200 ዓመት በኋላ ዛሬም ያገለግላል፤ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ያጠጣል። አስተማሪያችን ግን ደጋግመው የነገሩን ስለ ደለሉ ነበር። ከጥንት ጀምሮ ወንዙ በሚያንስበት ወቅት ሰዎች ወርደው ደለሉን ይጠርጉ ነበር። ምን ያህል መቆፈር እንዳለባቸው የሚያሳይ ምልክትም ከወንዙ ወለል በታች ተቀብሮላቸዋል። ጎርፉ ሲመጣ ሰው ከውኃው ጋር አይታገልም፤ ሥራውን አስቀድሞ ጨርሷል።

ከዚያው አጠገብ ቺንግቸንግ የተባለው ተራራ አለ፤ ታኦይዝም ሥር ከሰደደባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ነው። ተራራውና የመስኖው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በአንድነት ተመዝግበዋል። ታኦይዝም ቤተ መቅደስና ካህናት ያሉት ሃይማኖት ነው፤ የኑሮ ጥበብም ነው። እኔ የያዝኩት ምክሩን ነው፤ ሁላችንም በየእምነታችን እንዳለን። «ዳኦ» ማለት መንገድ ማለት ነው። ላኦዙ ጻፈው የሚባለው ዳኦ ደ ጂንግ 81 አጫጭር ምዕራፎች ያሉት ትንሽ መጽሐፍ ሲሆን፣ ለጥሩ ሰው ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርበው ውኃን ነው። ውኃ ሁሉን ይጠቅማል፣ ከማንም አይፎካከርም፣ ሰው የሚንቀውን ዝቅተኛ ቦታ ይመርጣል።

ከዚህ ትምህርት «ዉ ዌይ» የሚባል ሐሳብ አለ። ቃል በቃል «አለማድረግ» ቢመስልም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ነገሩን ከተፈጥሮው ጋር እየተጋፉ አለማስገደድ ነው። እናቴ ዶሮ ስትበልት ቢላዋዋ አጥንት አይመታም፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ትፈልግና በዚያ ታሳልፈዋለች። እኔ በልጄ ላይ አጥንቱን ነበር የምመታው።

በዚያች እሑድ ማታ የልጄን በር አንኳኳሁ። አልጋው ላይ ነበር፤ እኔ ወለሉ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩህ ቃል ትክክል አልነበረም። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። አባቴ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ቃሉን ለማውጣት ጉሮሮዬ ተናንቆኛል። ልጄም መልስ አልሰጠኝም። ጥቂት ቆይቼ «ደኅና እደር» ብዬ ወጣሁ።

መልሱ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ዳቦ ልንገዛ አብረን ስንሄድ፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ፣ «አባዬ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን እገለብጣለሁ እንጂ አይገባኝም። ለመጠየቅ ደግሞ አፍራለሁ» አለኝ። ሲዘረዝርልኝ ክፍተቱ ከ7ኛ ክፍል የጀመረ ነው። ክፍልፋይና እኩልታ ሳይገባው አልፎ፣ በየዓመቱ ሌላ ሲከመርበት ኖሯል። ደለሉ ይህ ነበር። እኔ አስጠኚ ስጨምር በተደፈነ ቦይ ላይ ውኃ እያበዛሁ ነበር ማለት ነው።

አስጠኚውን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ቀነስነውና ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ እንዲጀምር አደረግን። የቅዳሜ ኳሱ ተመለሰ። ያ ቤታችን ዝቅተኛው ግድግዳ ነው፤ የተረፈ ጉልበትና ንዴት በዚያ ይፈስሳል። ድንበር ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ስልክ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሳሎን ያድራል፤ የእኔም ጭምር። ሕፃን እጁን ወደ ከሰል ምድጃ ሲሰድ ቆሞ የሚያይ ወላጅም የለም፤ እጁን ይዞ ይመልሰዋል። ግንብ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ ስህተቱ ግንብ ብቻ መሆኑ ነው።

የከበደኝ ግን የራሴን ቦይ መጥረግ ነበር። ቼንግዱ ሳለሁ በየማለዳው አረጋውያን መናፈሻ ውስጥ ታይቺ ሲሠሩ አያቸው ነበር። እጃቸውን በዝግታ ያነሳሉ፣ በዝግታ ያወርዳሉ፤ ማንም አይቸኩልም። እኔ ታይቺ አልችልም። ከታክሲ ወርጄ ቤት እስክደርስ ያለውን መንገድ ግን አሁን ቀስ ብዬ፣ ስልክ ሳላወራ፣ ትንፋሼን እያዳመጥኩ እሄደዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ንዴት በር ላይ አራግፌ ለመግባት ነው። አንዳንድ ቀን ይሳካል፤ አንዳንድ ቀን ይዤው እገባለሁ።

ልጄ ባለፈው ፈተና 55 አመጣ። አንደኛ አልወጣም፤ እንደሚወጣም አላውቅም። ወረቀቱን ግን ራሱ ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ የሳተውን አሳየኝ። ራትም አብሮን በላ።

አያቶች፣ እናንተ ደለሉን ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድማችሁ ታያላችሁ፤ ባንሰማችሁም ደግማችሁ ንገሩን። እናቶችና አባቶች፣ በዚህ ሳምንት ልትቆጡ ስትሉ «ድንጋይ እየደረደርኩ ነው ወይስ ቦይ እየጠረግኩ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔም ለራሴ እጠይቃለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።