ከሮቦቱ በፊት ቱቦው

ሐኪም ሆድ ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሲያክም የሚያሳይ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ይሆናል። ሮቦት የሚያግዝበትም አለ። ፌስቱላን በዚህ መንገድ የሚጠግኑ አገሮች አሉ። ጥሩ ነው፣ ይምጣልን። መተማን ሳስብ ግን ከሱ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር አለኝ።

ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናትየውን ገላ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል። ያ ቦታ ሞቶ ሲወድቅ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል። ፌስቱላ ማለት ይሄ ነው።

ሆድ ሳይከፈት መጠገኑ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒታል አብዛኛውን ፌስቱላ የሚሰፋው በብልት በኩል ነው። ያውም በነፃ። ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው።

ከዚህም የቀለለ አለ። ቀዳዳው ትንሽና አዲስ ከሆነ፣ ካቴተር የሚባለው የሽንት ቱቦ ገብቶ ፊኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባዶ ሆኖ ሲቆይ ያለ ቢላና ያለ ክር የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ግን ቶሎ መሆን አለበት። ጠባሳ ከያዘ በኋላ ቱቦ ብቻውን አይበቃም።

ችግሩ ያለው እዚህ «ቶሎ» ላይ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በእገታ ስሙ የጠፋ። በክረምት ከሰሊጥ እርሻዎቹ መሀል መኪና ዋልካው ውስጥ ይቀረቀራል። በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ስለዚህ ቱቦውና ማስገባት የሚችል አዋላጅ ጎንደር ሳይሆን እዚያው ቆላው ጤና ጣቢያ መገኘት አለባቸው። የጤና ቢሮው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄንን ይመስለኛል።

እናንተም፣ እህታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ ወልዳ ሽንቷ አልቆም ካለ «ቆይቶ ይተዋታል» አትበሉ። በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ስለ ካቴተርም ጠይቁ። ደግሞ ብዙዎቹ ሽንቱ እንዳይበዛ ብለው ውሃ መጠጣት ያቆማሉ፣ በዚያ በመተማ ሙቀት! ሽንቱ ሲወፍር ገላን ይበልጥ ይለበልባል። በደንብ ትጠጣ።